አርባ ሁለት ቆርቆሮ፣ አንድ አሸንዳ

አዲስ ቆርቆሮ ሽታ አለው። ብረት ደግሞ ምን ይሸታል የሚለኝ ሰው በዕድሜው ቆርቆሮ ከእስሩ ፈትቶ የማያውቅ ነው። በተለይ የግንቦት ዝናብ የመጀመሪያ ጠብታዎች ሲያርፉበት የሚወጣው ሽታ፣ ሳንቲም በምላስ እንደመንካት ያለ፣ ጎምዛዛ ነገር ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከመኪና ወርዶ ደጄ ላይ የተደረደረውን ቆርቆሮ ካፊያ ነካውና ያ ሽታ ሱቁን ሞላው። እኔም እንደ ልማዴ ጉልበቴን እያሸሁ፣ ዝናቡን እየተማረርኩ ተቀምጬ ሳለሁ ጥቁር ጃንጥላ የያዘ፣ ፀጉሩ ጥጥ የመሰለ ሰው በሩ ላይ ቆመ። «አካም ጅርታ ሸምሱ?» ብሎ እንዴት እንዳለሁ ጠየቀኝና «ጣሪያዬ ማፍሰስ ጀመረ» አለኝ።

ይህ ሰው ቶለሳ ነው። አላፊ አግዳሚው ጡረታ የወጣ አስተማሪ ይመስለዋል። በአንድ ወቅት ግን የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ ነበር፤ ፊርማው በእያንዳንዱ ብር ላይ ታትሞ በአገሩ ሰው ሁሉ ኪስ ውስጥ ይዞር ነበር። ከቤቱ እስከ እኔ ሱቅ ድረስ ሦስት ትልልቅ የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች አሉ፤ ዋጋቸውም፣ እንዳልዋሽ፣ ከእኔ ይረክሳል። እሱ ግን ለአንዲት ሚስማር እንኳ ሦስቱንም አልፎ እኔ ዘንድ ይመጣል። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። ፈርቼ ነው። ያን የመሰለ ስሙን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ይህንን የሚያውቅም አይመስለኝም ነበር።

ያን ጊዜም ሱቄ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ጥግ ላይ ነበረች። ብቻ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ባንኮኒዋ የዋንዛ ጣውላ ነበር። እኔ ከጉራጌ አገር አንድ ጃኬትና አንድ የአጎት አድራሻ ይዤ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ኦሮምኛውን ከደንበኞቼ ተማርኩ፣ ጉራግኛው ለንዴት ብቻ ቀረልኝ። አንዱ ቆርቆሮ ከአርባ ብር ብዙም አይርቅም ነበር። ዛሬ በዚያ ብር የቆርቆሮ ሚስማር ቢጠይቁኝ እፍኝ አልሞላም። ሚስማሩን በኪሎ መዝነን በአሮጌ ጋዜጣ እንጠቀልላለን፤ ጎረምሳው ኮሌታው እስከ ትከሻው የሚደርስ ሸሚዝ ለብሶ ይዘንጣል፤ ከፊት ለፊቴ ያለው ካሴት ቤት አንዲት የኦሮምኛ የፍቅር ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ እየደጋገመ ነፍሴን ያወጣታል። አሁን ያችን ዘፈን የሚዘፍንልኝ ባገኝ ገንዘብ እከፍላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኑኑ ቁምባ ቡና ይዘው የሚመጡ የኦሮሞ ገበሬዎችና ከኪራሙ በቆሎና ሰሊጥ ጭነው የሚወርዱ የወሎ ልጆች ደጃፌ ላይ ተገናኝተው በሁለት ቋንቋ ሲጨቃጨቁ እኔ መሃል ገብቼ አስታርቃለሁ። ዛሬ ከኪራሙ የሚመጣ ደንበኛ የለኝም። መንገዱን የሚያምን ሰው ጠፍቷል።

ቶለሳ ሥራ የጀመረው እዚሁ ነቀምቴ፣ የባንክ ቅርንጫፍ መስኮት ጀርባ ቆሞ ነው። ሰማያዊ ሸሚዝ ነበረችው፤ አንድ ነች፣ ግን ሁልጊዜ የተተኮሰች። ወደ ሥራ የሚሄደው በብስክሌት ሲሆን ሱሪውን ሰንሰለት እንዳይበላበት በልብስ መቆንጠጫ ይቆነጥጠዋል። ቅጽ መሙላት ያቃተው ገበሬ ካየ መስኮቱን ትቶ ይወጣና አግዳሚ ወንበር ላይ አብሮት ተቀምጦ ይሞላለታል፤ አለቃው ደግሞ ይጮህበታል። ከዚያ አዲስ አበባ ወሰዱት። ውጭ አገር ተማረ፣ ተመለሰ፣ የክፍል ኃላፊ ሆነ፣ አማካሪ ሆነ፣ ምክትል ሆነ። እያንዳንዱን ሹመት እኛ የምናውቀው እናቱ እሑድ በሚለብሱት ነጠላ ነበር፤ አዲስ ከሆነ ልጁ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ገዥ የሆነ ለት ነቀምቴ ራሷ የተሾመች መሰላት። ያን ሰሞን «አብሬው ነው የተማርኩት» ያለውን ሰው ሁሉ ብትሰበስቡት አንድ ክፍል ቀርቶ አንድ ትምህርት ቤት አይበቃውም።

እናቱ አዴ ኩሌኒ፣ ወይዘሮ ኩሌኒ እንደማለት ነው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ያችን የቡና ማሳቸውን ይዘው ልጃቸውን ያሳደጉ ናቸው። እኔም እንደ አገሩ ልጆች «አዮ» እላቸው ነበር፣ እናቴ ማለት ነው። ፊደል አያውቁም። የልጃቸውን ፊርማ ግን ለይተው ያውቋታል፤ መጨረሻዋ ላይ ረጅም ጭራ አላት። «ይቺ ጭራ የሱ ናት። ልጅ ሆኖም ሲጽፍ ወረቀቱን እስኪቀድ ይጎትት ነበር» ይሉኛል። ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ወደ ሱቄ ጎራ ይሉና ያረጀ መቶ ብር አውጥተው የልጃቸው ፊርማ ባለበት አዲስ ብር እንድለውጥላቸው ይጠይቃሉ። ያን ብር ወስደው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ገጾች መሃል ያኖሩታል። አያወጡትም። ልጁ ሥራ በዝቶበት ደብዳቤ አይጽፍም፤ ለእሳቸው ደብዳቤው ይኸው ነበር። አንድ ቀን «አዮ፣ እውነተኛው ባንክ እርስዎ ዘንድ ነው» ብዬ ብቀልድ፣ «የልጄ እጅ ነው፤ እንዴት በጨው እለውጠዋለሁ?» አሉኝ፣ ሳይስቁ።

አንድ እሑድ ቶለሳ ሳይታሰብ መጣ። አጃቢ የለ፣ ሰልፍ የለ፣ አንድ መኪናና አንድ ሾፌር። ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ አሉ፤ አንገቱን ቀና አላደረገም አሉ። ሰኞ ጠዋት ተመልሶ ሄደ። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ነገር እየተብላላ እንደሆነ ሁሉም ይጠረጥራል፤ ምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም፣ የሚያውቅም አይናገርም። እናም ከተማው ሁለት ቀን ሙሉ «ለምን መጣ?» ሲል ሰነበተ። ረቡዕ ጠዋት ሱቄን ገና ከመክፈቴ አዴ ኩሌኒ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ባንኮኒው ፊት ቆሙ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ?» አሉኝ። እንዴት አደርክ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ደህና አዮ። ምን ልታዘዝ?»

«ቆርቆሮ። ወፍራሙን። አርባ ሁለት።»

«አርባ ሁለት?»

«ሚስማሩን በልኩ አድርግ። አንድ አሸንዳ። የአንድ በር ማጠፊያና ቁልፍም።»

ጨርቁን ፈቱና መጽሐፉን ከፈቱ። ከገጾቹ መሃል ብሮቹን እያወጡ ባንኮኒዬ ላይ ደረደሩ፤ አንዱም አልታጠፈም። ብሩ የነበረበት ገጽ ላይ ቅርጹ ቀርቷል። እጄን ዘርግቼ ልወስደው አልቻልኩም።

«አዮ፣ ይሄ እኮ የቶለሳ እጅ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሊሰጡኝ ነው?»

«አሁን አያስፈልገኝም» አሉና ዙሪያቸውን ቃኘት አደረጉ። «ሸምሱ፣ ለጊዜው ለማንም አታውራ።»

ልጁ ገዥ ነው። ሳይታሰብ መጥቶ ሄደ። እናቱ ለጨው አልለውጥም ያሉትን ብር ዛሬ ዘርግፈው ዕቃ ይገዛሉ፣ አታውራ ይሉኛል። ብር ሊቀየር ነው፣ በእጃችን ያለው ሁሉ ወረቀት ሆኖ ሊቀር ነው፤ ልጁ ለእናቱ ብቻ ሹክ ብሏል። በአንድ ትንፋሽ ይህንን ሁሉ አሰብኩ። የአሥራ አምስት ዓመት ድካሜ ደግሞ አልጋዬ ሥር፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር።

ቃሌን የጠበቅሁት ጋሪው እስኪጫን ብቻ ነው። ጎረቤቴ ወርዶፋ ቡና ገዥ ነው፤ ሁልጊዜ ጥሬ ብር በእጁ አለ። በሩ ላይ ሄጄ «ወርዶፋ፣ ጥሬ ብር በእጅህ አታሳድር። ከየት ሰማህ ብለህ ግን አትጠይቀኝ» አልኩት። እሱም ምንም አልጠየቀኝም። ቀና ብሎ ማዶ የሚሄደውን ቆርቆሮ የጫነ ጋሪ አየ፤ ከጋሪው ኋላ ቀስ እያሉ የሚራመዱትን አዴ ኩሌኒን አየ። የሠራሁት ሥራ ይኸው ነው። ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም።

እኩለ ቀን ሳይሆን ጨው ከገበያው አለቀ። ሐሙስ ስኳርና ሳሙና አለቀ፣ ዓርብ የእኔ ቆርቆሮ አለቀ። የሞኝነቴን ብዛት ልንገራችሁ፤ ብር ሊሞት ነው ብዬ እያመንኩ ቆርቆሮዬን በብር ሸጥኩ፤ ከዚያ ያንን ብር ይዤ ሮጬ ከወርዶፋ ቡና በእጥፍ ገዛሁ። ቅዳሜ ከኪራሙ የመጣ አንድ ደንበኛዬ፣ የወሎ ሰው፣ የበሬ መሸጫውን በመቀነት ታጥቆ መጥቶ፣ «ሸምሱ ወንድሜ፣ ብሩ ሊሞት ነው አሉ፤ እውነት ነው ወይ?» አለኝ። «እኔ ምን አውቄ» አልኩት፣ ዓይኑን ሳላየው። በበሬዎቹ ዋጋ ነጋዴ ደብቆ ያስወደደውን ጨው ገዝቶ ሄደ። ባንኩ በር ላይ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደረሰ፤ ግፊያው መስታወት ሰበረ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ወድቃ በሰው ትከሻ ወጣች። የቀረኝን ብር ላስገባ ሰልፉ መሃል ቆሜ ከኋላዬ አንዱ «ለእናቱ ነግሯታል እኮ፣ እኛን ሸጦ» ሲል ሰማሁ። ሌላው «ሌባ» አለ። ያች ቃል ወደ ቶለሳ ስትሄድ በእኔ በኩል አለፈች። ሰልፉን ትቼ ወጣሁ።

በሳምንቱ ሁለት ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ልብሳቸው አቧራ ለብሷል፣ ንግግራቸው ጨዋ ነው፤ ያስፈራኝም ጨዋነታቸው ነበር። አንደኛው ማስታወሻ ደብተሩን ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጠና፣ «የገዥው እናት ከዚህ ቆርቆሮ ገዝተዋል። ብር ይቀየራል ብለው ነገሩዎት?» አለኝ።

«አልነገሩኝም።»

«ታዲያ ወሬው ከየት ተነሣ?»

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ከእኔ ነው፣ ማንም አልነገረኝም፣ በገዛ ጭንቅላቴ ፈጥሬ ነው ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ግን ያኔ ወሬ አወራህ ተብሎ እስር ቤት የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም፤ ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ሚስቴ ከመጋረጃው ኋላ ትሰማለች። «የገበያ ወሬ ነው ጌታዬ» አልኩ። «ገበያ መቼም እንዲህ ነው።» ጻፈ። ደብተሩን ዘጋ።

ከእኔ ወጥተው አዴ ኩሌኒ ቤት ሄዱ። እርጎ ቀረበላቸው አሉ። «ልጅዎ መጥቶ ምን ነገረዎት?» ቢሏቸው «ብርድ ነው፣ ሹራብ ልበሺ አለኝ» ብለው ዝም። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ከተማው ይህን ዝምታ እንደ ማመን ቆጠረው። ያን ቀን ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ ወደ ስልክ ቤት ሄድኩ። አዲስ አበባ ደውዬ ለራሱ ለቶለሳ «እኔ ነኝ፣ ይኸው ስሜን ለፈለጉት ስጣቸው» ልለው ቆርጬ ነበር። ተሰልፌ ደረሰኝ። ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ልጅ «ማንን ልጥራልህ?» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ስሙ አልወጣ አለኝ። «ተይው» ብያት ወጣሁ። እስከ ዛሬ በዚያ መንገድ ሳልፍ ፊቴን ወደ ማዶ አዞራለሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ካሴት ቤቱ ዘፈኑን አቁሞ ሬዲዮውን ጮክ አደረገው። ዜናው አጭር ነበር፤ የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ ከኃላፊነታቸው ተነስተዋል። ምክንያት የለ፣ ምስጋና የለ። መንገድ ላይ አንዱ «እንኳን!» አለ፣ ባለፈው ዓመት አብሬው ተማርኩ ያለኝ ሰው። ብሩ አልተቀየረም። በሳምንቱ ጨው ወደ ዋጋው ተመለሰ፤ እኔም ሻጋታ የሚሸት ቡናዬን በኪሳራ ሸጥኩ። ገበያው ሁሉንም ረሳው። የቶለሳ ስም ብቻ እንደተበላሸ ቀረ።

ቶለሳ የመጣው በአውቶቡስ ነው። ሦስት ካርቶን መጽሐፍ፣ በቃጫ ገመድ የታሰረ። መናኸሪያው ላይ የተቀበለው የክፍል ጓደኛ አልነበረም። ግማሽ ኪሎ ሚስማር ምክንያት አድርጌ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ግቢው ጥግ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ቆሟል፤ ቶለሳ እጅጌውን ጠቅልሎ ለአናጢው ቆርቆሮ ያቀብላል፣ አዴ ኩሌኒ ጣሪያው በግማሽ በተሸፈነው ክፍል ውስጥ የእንጨት ፍቅፋቂ ይጠርጋሉ። በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁና፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «አዮ፣ ወሬውን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «እርስዎ አታውራ ብለውኝ አወራሁ። ሰዎቹ ሲጠይቁኝም ዋሸሁ። ልጅዎን ከሥራ ያስወጣሁት እኔ ነኝ።» እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ አላፍርም።

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «ዲሲ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ ተው ልጄ ማለት ነው። «ያን እሑድ አንድ ወረቀት አሳየኝ። ማንበብ አልችልም፣ ጭራዋን ግን አየኋት። ሥራውን የለቀቀበት ነው። አልፈርምም ያለው ነገር ነበረ፤ እሱን ትቶ ይሄን ፈረመ። መልስ እስኪሰጡኝ ለማንም አትንገሪ አለኝ፣ አልነገርኩም።» ከላይ መዶሻው ይመታል። ቀና ብለው ቆርቆሮውን አዩ። «ልጄ ራሱ ወደ ቤቱ ሊመጣ፣ እጁን መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጬ ምን ላደርግ? ቤት ሠራሁበት።»

ቆርቆሮ ሻጭ ነኝ። አርባ ሁለት ወፍራም ቆርቆሮ የባለ ሁለት ክፍል ቤት ጣሪያ እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ብሩ ሊሞት ነው ብሎ የሚሸሽ ሰው አንድ አሸንዳና የአንድ በር ማጠፊያ አይገዛም። ሁሉም ባንኮኒዬ ላይ ነበር፤ እኔ ያየሁት ብሩን ብቻ ነው። ከዚያም የባሰው ገባኝ። በገዛ ፈቃዱ፣ በክብሩ የለቀቀውን ሰው እኔ ተባረረ አስባልኩት። ይህንንም ነገርኳቸው። አዴ ኩሌኒ መጥረጊያውን መልሰው አነሡና፣ «እኔን ሳይሆን እሱን ነው የበደልከው። አንተው ንገረው» አሉኝ። «እሺ» አልኩ።

ያ እሺ እንደ ወጣ ቀረ። በሚቀጥለው ሳምንት እነግረዋለሁ አልኩ፣ ለበዓል አልኩ፣ ልጄ ስታገባ አልኩ። አዴ ኩሌኒ አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ አጠገቡ ቆሜ፣ ዛሬ አይባልም አልኩ። እሱ የሁለተኛ ደረጃ ልጆች እያስተማረ፣ የእናቱን ቡና እየኮተኮተ አረጀ። ሚስማር ሊገዛ ሲመጣ ሁልጊዜ ትንሽ ቆም ይላል፣ ፊቴን ያያል፣ ከዚያ ይሄዳል።

ትናንት ግን ያ ሽታ ሸተተኝ፣ ዝናቡ ዘነበ፣ ደግሞም «እንደ ድሮው አርባ ሁለት ይበቃኛል» ሲል ሰማሁት። ቁጥሯን ከአፉ ስሰማ አንድ ነገር ውስጤ ተበጠሰ። ተነሥቼ ቆምኩ፤ ጉልበቴን ረሳሁት። ከረቡዕ ጠዋት ጀምሮ እስከ ስልክ ቤቱ መስኮት ድረስ ሁሉንም ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ጃንጥላውን አጥፎ ጥግ ላይ አቆመ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ቤቱ ሳያልቅ ነው እናቴ የነገረችኝ። በጣም ተናድጄ ነበር፣ ልመጣብህ ነበር። እሷ ናት የከለከለችኝ። ‹ሸምሱ ራሱ እነግረዋለሁ ብሎኛል፤ እስኪነግርህ ድረስ ከሌላ ሱቅ አንዲት ሚስማር እንዳትገዛ› ብላ አስማለችኝ።» ዓይኑ እርጥብ ነበር፣ አፉ ግን ይስቅ ነበር። «ይኸው ስንት ዓመት ሚስማሩን አስወደድክብኝ!»

ከመንገዱ በላይ ያሉት ሦስቱ መደብሮች መብራታቸው ይታያል። «እንግዲህ ነፃ ወጣህ» አልኩት። «ወዴት ልትሄድ ነው?»

ወንበር ሳበና ተቀመጠ። «ዝናቡ እስኪያባራ የትም አልሄድም» አለ። «ይልቅ አሸንዳውን እንዳትረሳ።»